ደብዳቤውን የጻፈው መምህሩ ነው

ዣን ዣክ ሩሶን የማያውቅ ሠልጣኝ በዚህ ግቢ ውስጥ የለም ብል አጋነንክ የሚለኝ አይኖርም። በትምህርት ታሪክ ደብተራችን ላይ ስሙ አለ። እ.ኤ.አ. በ1762 «ኤሚል» የሚባል መጽሐፍ ጻፈ፤ ልጅን እንደ ልጅነቱ እንጂ እንደ ትንሽ ሽማግሌ አትዩት አለ፤ ከመጽሐፍ በፊት ከተፈጥሮ ይማር አለ፤ አለቀ። ፈተና ሲመጣ ይህችኑ እንጽፋለን፣ ማርካችንን እንቀበላለን፣ ሩሶም ተመልሶ ደብተር ውስጥ ይተኛል።

ይሁንና ይኸው ሰው ከ«ኤሚል» አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1761፣ አንድ ትልቅ ልብ ወለድ አሳትሟል። ርዕሱ «ዡሊ ወይም አዲሲቱ ኤሎዊዝ» ይባላል። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በደብዳቤ የተጻፈ ነው። የመጽሐፉ ዋና ወንድ ባለታሪክ ደግሞ ጦረኛ አይደለም፣ መስፍን አይደለም፣ ነጋዴም አይደለም። አስተማሪ ነው። ይህ ነገር በደብተራችን ላይ የለም።

የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። መምህር ለመሆን የተነሣ ሰው ይህንን መጽሐፍ ሊያነበው ይገባል። ሲያነበውም ለፍቅሩ ብቻ እንዲያለቅስ ሳይሆን የአስተማሪውን ሥራ እንዲመረምር ነው። ምክንያቴን ልዘርዝር።

«የፈረንጅ ደብዳቤ ለድሬዳዋ ልጅ ምን ይሠራለታል?» የሚል አይጠፋም። ይህንን ጥያቄ ሌላ ከተማ ቢጠይቀው ያምርበት ነበር። የእኛ ከተማ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ ነው። ኩባንያው የፈረንሳይ ነበር፤ የባቡሩ የሥራ ቋንቋም ለብዙ ዘመን ፈረንሳይኛ ነበር። የከዚራን ቀጥ ያሉ መንገዶችና የዛፍ ጥላ ያወረሰን ያ ዘመን ነው። ለገሃር ስንል፣ ፉርጎ ስንል፣ ቢሮ፣ ጋራዥ፣ ሹፌር ስንል ሳይታወቀን ፈረንሳይኛ እየተናገርን ነው። ሐዲዱም ሰውና ሸቀጥ ብቻ አላመላለሰም፤ ደብዳቤም ጭኗል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1908 የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስትሆን ከባሕር ማዶ በጅቡቲ በኩል የሚመጣው ወረቀት ሸዋን ሳያይ ድሬዳዋን ያይ ነበር። ስለዚህ ደብዳቤም ሆነ ፈረንሳይኛ ለዚህች ከተማ እንግዳ አይደሉም። ባቡሩን ተቀብለን መጽሐፉን «አይመለከተንም» ብንል ያስተዛዝባል።

አሁን ወደ መጽሐፉ ልግባ።

ታሪኩ የሚፈጸመው በስዊስ አገር፣ በጄኔቭ ሐይቅ ዳር ነው። ሩሶ ራሱ የጄኔቭ ተወላጅ ነው፤ የጻፈው ግን በፈረንሳይኛ ስለሆነ ከፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ ጋር ይቆጠራል። ዡሊ የአንድ ባሮን ልጅ ናት። ባሮኑ ከቤት ርቆ ሳለ እናቲቱ አንድ የተማረ፣ ግን ዘር የሌለው ወጣት አስገብታ ልጇንና የእህት ልጅ ያህል የምታያትን ክሌርን እንዲያስተምር ታደርጋለች። ይህ ወጣት በመጽሐፉ ውስጥ ሴን ፕሬ በሚል ቅጽል ይጠራል። አስተማሪው ተማሪውን ወደደ፤ ተማሪዋም ወደደችው። ደብዳቤ ተጻጻፉ። ነገሩ ከወረቀት አለፈ። ዡሊ አረገዘች። አባቷ በቁጣ ሲመታት ወደቀች፤ ፅንሱም ወረደ። እናቲቱ የተደበቁትን ደብዳቤዎች አገኘች፤ ቀድሞም ታማ ነበርና ብዙ ሳትቆይ ሞተች። ዡሊ «እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ» በሚል ጸጸት ተቃጠለች። በመጨረሻም አባቷ ቃል ለገባለት ለቮልማር፣ በዕድሜ ለሚበልጣት ሰው፣ ተዳረች። ሴን ፕሬ ራሱን ሊያጠፋ አሰበ፤ በኋላ ግን ከእንግሊዝ መርከበኞች ጋር ዓለምን ሊዞር ሄደ። ከዓመታት በኋላ ተመለሰ። ዡሊም ውሃ ውስጥ የወደቀ ልጇን ለማዳን ዘላ ገብታ፣ ከዚያ በያዛት ሕመም ሞተች። ደብዳቤዎቹ ሁሉ ሲቆጠሩ 163 ናቸው።

እንዲህ በአጭሩ ሲነገር የሬዲዮ ድራማ ይመስላል። በንባብ ግን እንዲህ አይደለም። እኔ ያነበብኩት በእንግሊዝኛ ትርጉም ነው፤ መዝገበ ቃላት ከጎኔ አልተለየም። እውነቱን ለመናገር አሰልቺ ቦታ ሞልቶታል። ሴን ፕሬ ፓሪስ ገብቶ ስለ ቲያትሩና ስለ ሴቶቹ አለባበስ የሚጽፈው ረጅም ረጅም ደብዳቤ አለ፤ ስለ ቤት አስተዳደርና ስለ አትክልት ቦታ የሚተነትነውም አለ። እዚያ ላይ እንቅልፍ ቢመጣ አይፈረድም። መጽሐፉ በወጣበት ዘመን ግን ፈላጊው ከመብዛቱ የተነሣ መጻሕፍት ነጋዴዎች በቀን፣ እንዲያውም በሰዓት ያከራዩት ነበር። ሰዎች እያለቀሱ ለሩሶ ደብዳቤ ጽፈውለታል፤ ዡሊ በእውነት የኖረች ሴት መስላቸው የጠየቁትም ነበሩ።

ለምን እንዲህ ሆነ? እኔ እንደሚመስለኝ ምሥጢሩ ደብዳቤው ላይ ነው።

የእኛ ደብዳቤ አጀማመሩ ይታወቃል። «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» እንላለን። ቤት ቢቃጠል እንኳ በመጀመሪያ ደህና ነን፤ እሳቱ የሚመጣው ከታች፣ ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል ነው። አንዳንዴም ከነአካቴው አይመጣም፤ ደብዳቤውን ያደረሰው ሰው በቃል ይነግረናል። የሩሶ ሰዎች ግን እሳቱን ከመጀመሪያው መስመር ይለኩሱታል። በመሐል ቆሞ «ይህ ሰው ዋሽቷል፣ ያቺ ልጅ ተታላለች» የሚል ተራኪ የለም። እያንዳንዱ በራሱ አፍ ይናገራል፣ ራሱን ይከሳል፣ ለራሱ ይከራከራል። ዳኛው አንባቢው ነው። በዚህ ደብዳቤ ያዘንክለትን ሰው በሚቀጥለው ትታዘበዋለህ። አንድ መምህር በክፍል ውስጥ የሚገጥመውም ይኸው ነው፤ ሁለት ልጆች ተጣልተው ሲመጡ ሁለቱም በየራሳቸው አፍ ትክክል ናቸው። ታሪኩን ከላይ ሆኖ የሚያስረዳን ተራኪ እዚያም የለም።

እስቲ የመጀመሪያውን ደብዳቤ እንመልከት። አስተማሪው ለተማሪው ይጽፋል። ከዚህ ቤት መሄድ እንዳለብኝ ይሰማኛል ይላል። ጥሩ። ታዲያ ሄደ? አልሄደም። ይልቁንም ራሴ መሄድ አልቻልኩምና አንቺ አባሪኝ፣ ከፈለግሽም ደብዳቤውን ለወላጆችሽ አሳዪ ወደሚል ልመና ይዞራል። ንግግሩ ትሕትና ያለው ይመስላል። እኔ ግን እዚህ ላይ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ አነበብኩት። ከሁለቱ የሚያውቀው ማነው? አስተማሪው። በእምነት ወደ ቤቱ የገባው ማነው? አስተማሪው። መሄድ የሚችለውስ? ያው አስተማሪው። ውሳኔውን የጣለው ግን በተማሪዋ ትከሻ ላይ ነው። ብታባርረው ጨካኝ ልትባል፣ ዝም ብትል እንደ ፈቀደች ሊቆጠር፣ ለወላጆቿ ብታሳይ ቤቱን ልታፈርስ። መጽሐፉ ሺህ ጊዜ ስለ ፍቅር ቢናገርም፣ ለእኔ የጥፋቱ ሥር ይህች የመጀመሪያዋ ደብዳቤ ናት። የራስን ሥራ ለተማሪ ማሸከም ይሉታል ይኼ ነው።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ እንዳልሆነ ለማሳየት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ላንሣ። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ ያላነበበው ሰው ቢኖር እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቶታል። በዛብህ የድሃ ገበሬ ልጅ፣ በቤተ ክህነት ትምህርት የበሰለ ወጣት ነው። ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። ባሮኑን በፊታውራሪ፣ የጄኔቭን ሐይቅ በጎጃም ደጋ፣ ሴን ፕሬን በበዛብህ ብንተካቸው ሁለቱ ታሪኮች ከአንድ ማሕፀን የወጡ ይመስላሉ። ሁለቱም ላይ የዘር ኩራት በር ዘግቶ ቆሟል። ሁለቱም ላይ መጽሐፍ ይዞ የገባው ሰው ልብ ይዞ ለመውጣት ይሞክራል።

በዶርማችን ውስጥ ስለ በዛብህ ክርክር ሲነሣ ፍርዱ አንድ ነው፤ ጥፋተኛው ፊታውራሪ ነው፣ ጥፋተኛው የዘመኑ ሥርዓት ነው። እኔም ከዚህ ፍርድ አልወጣም። ሰውን በአጥንቱ የሚመዝን ሥርዓት ባይኖር በዛብህ መንገድ ላይ ባልሞተ፣ ሰብለም ባልመነኮሰች። ጉዱ ካሳም ያንን ሥርዓት መንቀፉ አለነገር አልነበረም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ይህንን ጥያቄ ሌላ አንባቢ ባይጠይቀው እኛ ልንጠይቀው ይገባል። ሥርዓቱ ጥፋተኛ ስለሆነ መምህሩ ከጥያቄ ነፃ ነው ወይ?

ስለዚህ ጉዳይ ሩሶ ራሱ መልሱን በሴን ፕሬ አፍ አስቀምጦታል፤ አስገራሚውም ይህ ነው። የመጽሐፉ ርዕስ «አዲሲቱ ኤሎዊዝ» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። የድሮዋ ኤሎዊዝ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፓሪስ የኖረች የተማረች ሴት ናት። አጎቷ አቤላር የሚባለውን የታወቀ ሊቅ እንዲያስተምራት ቤቱ አስገባው፤ መምህሩና ተማሪዋ ተዋደዱ፤ መጨረሻቸውም መከራና ገዳም ሆነ። ደብዳቤዎቻቸው እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ሴን ፕሬ ስለዚህ ሰው ሲጽፍ ለኤሎዊዝ ያዝናል፣ አቤላርን ግን ይንቀዋል። ለምን? ነገሩ የተነሣው በደመወዝ ምክንያት ነው። የዡሊ አባት አስተማሪው ያለ ክፍያ ማስተማሩን ሲሰማ ደስ አላለውም፤ ይከፈለው አለ። ሴን ፕሬ ግን አልቀበልም አለ። ክርክሩ ሲጨመቅ እንዲህ ነው፤ ደመወዝ የተቀበለ አስተማሪ ከቤቱ ባለቤት ጋር ቃል አለው፤ ያንን ቃል ይዞ የሰውየውን ልጅ ቢያሳስት እንደ ሌባ አገልጋይ ነው፤ እኔ ግን ደመወዝ ስላልተቀበልኩ እንደዚያ አይደለሁም።

እዚህ ላይ መጽሐፉን አጥፌ አሰብኩ። ሴን ፕሬ ራሱን ነፃ ለማውጣት የዘረጋው ገመድ የሚያስረው እኛን ነው። እኛ ደመወዝተኞች ነን፤ ወይም ነገ እንሆናለን። የሚከፍለን ደግሞ አንድ ባሮን ወይም አንድ ፊታውራሪ አይደለም። ጫት ተሸክማ፣ ሽንኩርት ቸርችራ፣ አሸዋ ሜዳ ላይ ጨርቅ ዘርግታ ከዋለች እናት ኪስ የወጣ ግብር ነው። ያቺ እናት ልጇን ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትልክ ደብዳቤ አትጽፍልንም፤ ግን ልጅቷ ራሷ ደብዳቤ ናት። «ደህና አድርገህ አንብባት፣ ሳትቀደድ መልስልኝ» የሚል አደራ ተጽፎባታል። አደራ የበላ ደግሞ ምን እንደሚባል በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማሊኛም እናውቃለን።

አንድ የዶርም ጓደኛዬ ይህንን ስነግረው «አቦ ተወን! አንተ መነኩሴ ነህ እንዴ? በዛብህ መቼ አስገደደ? የሃያ ዓመት ልጅ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ቢወድ ምን ነውር አለው?» አለኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ በቀልድ ላልፈው አልፈልግም። እውነት ነው፣ ከመካከላችን ብዙዎቹ ተመርቀው ሲወጡ ዕድሜያቸው ከትልልቅ ተማሪዎቻቸው እምብዛም አይርቅም። ሰው ነንና ልብም አለን። ነገር ግን እኩልነት በዕድሜ ብቻ አይለካም። ማርክ የሚሰጠው ማነው? ጥሪ መዝገቡን የያዘው ማነው? የወላጅ ኮሚቴ ፊት ቆሞ «ይህች ልጅ ሰነፍ ናት» ቢል የሚታመነው ማነው? ቀይ ብዕሩን የያዘው ሰው የፍቅር ደብዳቤ ሲጽፍ፣ በሰማያዊ ብዕር ቢጽፈውም ተቀባይዋ ቀዩን ታያለች። እምቢ ማለት የማይቻልበት ቦታ ላይ የተሰጠ እሺታ ሙሉ እሺታ አይደለም።

ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅን በሚመለከት ደግሞ ነገሩ የሥነ ምግባር ክርክር ብቻ አይደለም። የወንጀል ሕጋችን ተጎጂዋ የአጥፊው ተማሪ ስትሆን ቅጣቱን ከበድ ያደርገዋል። ሕግ አውጪው ከሴን ፕሬ የተሻለ የገባው ይመስለኛል፤ ደመወዝ መቀበል አለመቀበሉን አልጠየቀም፣ መምህር መሆኑን ነው የጠየቀው።

አንዲት እህት ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ መጣችብኝ። «አንተ ስለ መምህሩ ብቻ ታወራለህ። ዡሊስ? እሷም ትጽፋለች፣ ትመርጣለች፣ ታዛለች። ሰብለም እንዲሁ። ዕቃ አታድርጋቸው» አለች። ትክክል ናት። እንዲያውም የደብዳቤው መጽሐፍ ትልቁ ጥቅም ይኼ ነው። ዡሊ በሌላ ሰው አፍ አትተረክም፤ ብዕር አላት። ከሴን ፕሬ ይልቅ አስተዋይ የምትሆንበት ቦታ ብዙ ነው፤ ስትመክረው፣ ስትገሥጸው፣ ወደ ጉዞ ስትልከው እናያለን። የአጎት ልጅዋ ክሌርም በቀልድ የተለበጠ ጥሩ ምክር የምትሰጥ ሴት ናት። ነገር ግን ዡሊ አዋቂ መሆኗ የአስተማሪውን ዕዳ አይሰርዝም። ዕዳው ማን ላይ እንደ ወደቀ እንቁጠር፤ ፅንሱ የወረደው ከማን? ከእሷ። እናቷ የሞተችው የማን? የእሷ። ያልወደደችውን ያገባችው ማን? እሷ። እሱ ዓለምን ዞሮ፣ ብዙ አገር አይቶ፣ ፀሐይ አጥቁሮት ተመለሰ። መከራ አልቀመሰም አልልም፤ ግን ከመከራው ጋር መርከብም ተሰጥቶታል። በየሰፈራችን የምንሰማው ወሬስ ከዚህ ይለያል? መምህሩ ዝውውር ይጠይቃል፤ ልጅቱ ደብተሯን ታጥፋለች። ለአንዱ መርከብ፣ ለአንዷ ጓዳ።

ይህንን ስል ግን መጽሐፉ መምህሩን ረግሞ ብቻ ያልፋል ማለቴ አይደለም። ሁለተኛው ግማሽ ነው ለእኔ ይበልጥ የከበደኝ። ቮልማር፣ የዡሊ ባል፣ የድሮውን ነገር ሁሉ ያውቃል። አውቆም ሴን ፕሬን ወደ ቤቱ ይጠራዋል፤ ልጆቼን አስተምርልኝ የሚል ሐሳብ ያቀርብለታል። ዡሊም ስትሞት የልጆቿን አስተዳደግ ለእሱ አደራ ትላለች። በዚያው የመጨረሻ ደብዳቤዋ ፍቅሩ ከልቧ እንዳልወጣ ትናገራለች። እንግዲህ አስቡት። አንድ ጊዜ አደራ የበላ ሰው ሁለተኛ አደራ ተሰጠው። ይገባዋል? አይገባውም? ሩሶ አይነግረንም፤ መጽሐፉ እዚያው አካባቢ ያልቃል። እኔ እስከ አሁን እከራከርበታለሁ። አንዳንድ ቀን ቮልማርን እንደ ሞኝ አየዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ሰው የሚድነው ሲታመን ነው ያለ ትልቅ መምህር ይመስለኛል።

ሩሶ ይህንን ሁሉ የጻፈው ንጹሕ ሆኖ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1740 ሊዮን ከተማ ውስጥ የአንድ ባለሥልጣን ልጆች አስተማሪ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር፤ ሥራው አልሰመረለትምና ትቶት ወጣ። ከዚህ የባሰው ደግሞ አምስት ልጆች ወልዶ አምስቱንም ለወላጅ አልባዎች ማሳደጊያ መስጠቱ ነው። ስለ ልጅ አስተዳደግ ዓለምን ያስተማረው «ኤሚል» የተጻፈው በዚህ ሰው እጅ ነው። ታዲያ እንጣለው? እኔ አልልም። ነገር ግን ደብተራችን ላይ እንዳለው ሁለት መስመር ብቻ ይዘን እንደ ቅዱስ ልናየው አይገባም። የሚያስተምረውን ያልኖረ መምህር ምን እንደሚመስል ከሩሶ በላይ የሚያሳየን የለም። ይህም ለእኛ አንድ ትምህርት ነው።

እንግዲህ ነገሩ ወሬ ሆኖ እንዳይቀር ሦስት ነገር ላቅርብ።

አንደኛ፤ ለልምምድ ወደ ትምህርት ቤት ከመውጣታችን በፊት ስለ ትምህርት እቅድና ስለ ጥቁር ሰሌዳ አጠቃቀም ብቻ ሳይሆን ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ እንነጋገር። ደብተር ሲታረም ከመሐል አንዲት የታጠፈች ወረቀት ብትወድቅ ምን እናደርጋለን? አንዳንዱ መምህር በክፍል ፊት ጮክ ብሎ ያነባታል፤ ልጅቱ ወይም ልጁ በዚያው ከትምህርት ይቀራል። አንዳንዱ መልስ ይጽፍባታል፤ ያ የሴን ፕሬ መንገድ ነው። ከሁለቱም የሚሻል ሦስተኛ መንገድ አለ። ወረቀቷን በዝምታ መያዝ፤ መልስ በጽሑፍ አለመስጠት፤ በዕድሜና በልምድ የበሰለች ሴት መምህር ወይም አማካሪ እንድታነጋግር ማድረግ፤ ለተማሪዋም ከወትሮው ያልተለየ ፊት ማሳየት። ከሁሉም በላይ «ምን ላድርግ?» የሚለውን ጥያቄ ወደ ልጅቱ አለመግፋት። ይህ የእኛ የቤት ሥራ እንጂ የእሷ አይደለም። ስሜቱ ከእኛ በኩል የመጣ እንደሆነም ሕጉ ያው ነው፤ አታስነሺኝ፣ አታባርሪኝ ብሎ መለመን ሳይሆን ራስን ዞር ማድረግ።

ሁለተኛ፤ መምህሮቻችን ሩሶን ሲያስተምሩን ከ«ኤሚል» ጎን «ዡሊ»ን ይጥቀሱልን፤ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንዳንድ ምዕራፎችም አብረን እናንብብ። አንዱን መጽሐፍ አምስት ሰው ተራ በተራ ቢያነበው አንድ ወር አይፈጅም። መጽሐፍ በሰዓት እየተከራየ የተነበበበት ዘመን እንደነበር አይተናል፤ እኛ በሳምንት መበደር አያቅተንም። የፈረንሳይኛ ችሎታ ያላቸው የባቡር ሠራተኛ ልጆችም በመካከላችን አይጠፉምና ከዋናው ቋንቋ አንድ ሁለት ደብዳቤ ቢያሰሙን እንዴት ጥሩ ነበር።

ሦስተኛ፤ ይህንን የደብዳቤ ዘዴ ለክፍል እንጠቀምበት። የአማርኛ መምህር የሚሆኑ ጓደኞቼ ይህችን ይያዙ። «ስለ ክረምት ጻፉ» ብለን ልጆችን ከማድከም፣ «ፊታውራሪ መሸሻ ለበዛብህ አባት ደብዳቤ ቢልኩ ምን ይሉ ነበር? የበዛብህ እናትስ ምን ብላ ታስጽፍ ነበር?» ብለን ብንጠይቅ ልጁ በሌላ ሰው አፍ መናገርን ይማራል። በሌላ ሰው አፍ የተናገረ ልጅ በሌላ ሰው ጆሮም መስማት ይጀምራል። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪኛ፣ አማርኛ በአንድ ወንበር በሚቀመጡባት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፊደል ያልቆጠረውን የሰፈር ሰው ደብዳቤ የሚጽፍለት ተማሪም ድሮ ይህንኑ ነበር የሚያደርገው፤ የራሱን ሐሳብ ትቶ የባለጉዳዩን ቃል ያስቀምጥ ነበር። ጥሩ ጸሐፊ የሚባለውም አንድ ቃል ያልጨመረው ነው።

ከእኔ ጋር የማይስማማ ካለ፣ እንደሚኖርም አልጠራጠርም፣ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልኝ። በዛብህን የሚከላከልልኝ ሰው ብርቱ ክርክር ይዞ ቢመጣ ደስ ይለኛል፤ ቮልማር ሞኝ ነው ወይስ ጠቢብ የሚለውን የሚፈታልኝም ቢገኝ እንዲሁ። ከመጻፋችን በፊት ግን አንድ ነገር ላይ እንስማማ። በሁለቱም መጽሐፍ ውስጥ የቤቱን በር የከፈተው ፍቅር አይደለም፤ «አስተማሪ ነው፣ ይግባ» የሚለው የሰው እምነት ነው። ያ በር ዛሬም ለእኛ ክፍት ነው። ከእኛ በኋላ ለሚመጡት እንዳይዘጋ አድርገን እንግባበት።